የመስቀል ጦርነትና የኢማም አህመድ ዘመን በአንድ መደርደሪያ፦ ስለ አንድ የጅማ መጻሕፍት መደብር

በጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍትን የሚሸጥና የሚያከራይ አነስተኛ መደብር አለ። የታሪክ መደርደሪያው ሰፊ አይደለም፤ ሆኖም በመካከለኛው ዘመን በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች መካከል ስለተካሄዱት ጦርነቶች የተጻፉትን መጻሕፍት የጸሐፊዎቻቸውን ሃይማኖት ሳይለይ አንድ ላይ በመደርደሩ ሊመሰገን ይገባል።

ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው በአገራችን ታሪክ ላይ ነው። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም (የግራኝ አህመድ) ወገን የነበረው ሺሃብ አድ-ዲን፣ ማለትም ዐረብ ፈቂህ፣ የጻፈው ፉቱሕ አል-ሐበሻ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል አጠገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1529 ኢማሙ በሽምብራ ኩሬ ውጊያ በዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ላይ ያገኙትን ድል እንደ በረከት ሲተርክ፣ ሁለተኛው ያንኑ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበትና ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ አምባ የተንከራተቱበት የመከራ ዘመን አድርጎ ይመዘግባል። የዐረብ ፈቂህ ትረካ ጦርነቱ ከማለቁ በፊት ስለሚቋረጥ፣ በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን በ1541 መምጣታቸውንም ሆነ ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ በተባለው ቦታ በውጊያ መሞታቸውን ከሌላ መጽሐፍ መፈለግ ግድ ይላል። ባለመደብሩም ይህን ስለሚያውቁ፣ አንዱን ብቻ ለሚያነሣ ደንበኛ «ጓደኛውንም ይውሰዱት እንጂ» ይላሉ፤ የንግድ ብልሃት ቢሆንም ምክሩ ትክክል ነው።

የምነቅፈው የመደርደሪያውን አጀማመር ነው። ነገሩ ሁሉ በሽምብራ ኩሬ የተጀመረ ይመስላል። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1332 ከይፋቱ ሰብር አድ-ዲን ጋር፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1445 ከአዳሉ በድላይ ጋር ያደረጓቸውን ጦርነቶች የሚያስረዳ አንድም መጽሐፍ አላገኘሁም። ያለ እነዚህ፣ ከዘይላ ወደብ የሚነሣው የንግድ መንገድና የግብር ጥያቄ በጠቡ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ አይታይም፤ አንባቢው ሁሉንም ነገር የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ለመቀበል ይገደዳል።

የአውሮፓ ክርስቲያኖች ኢየሩሳሌምንና አካባቢዋን ለመያዝ ስላካሄዱት የመስቀል ጦርነት የተጻፉት መጻሕፍት በአብዛኛው እንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙዎቹም በእንግሊዙ ንጉሥ በሪቻርድና በሙስሊሞቹ መሪ በሳላሁዲን ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ጳጳስ ኡርባን 2ኛ በ1095 በክሌርሞን ካደረጉት ጥሪ የመስቀል ጦረኞቹ ዋና ይዞታ የነበረችው የአካ ከተማ በ1291 በሙስሊሞች እጅ እስከ ወደቀችበት ድረስ ያለውን በቅደም ተከተል ማንበብ ለሚሻ ምርጫው ጠባብ ነው። ያም ሆኖ የመስቀል ጦረኞች በ1204 ክርስቲያናዊቷን ቁስጥንጥንያን ስለዘረፉበት ዘመቻ የሚተርክ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለ፤ ቀድሞ መነበብ ያለበት እሱ ይመስለኛል።

ጥራቱ ወጥ አይደለም። አንዳንዶቹ ፎቶ ኮፒ በመሆናቸው ካርታዎቻቸው ጠቁረው አይነበቡም። በመደብሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የእጅ ጽሑፍ ዝርዝር ደግሞ የሽምብራ ኩሬን ውጊያ በአንድ ቦታ 1521፣ በሌላ ቦታ 1529 ይለዋል፤ የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ስላልተጻፈ ተማሪዎችን ያሳስታል። ባለመደብሩ ሲነገራቸው ደብተራቸው ላይ አስፍረዋል።

ኪራዩ ለተማሪ አቅም የሚመጥን ነው፤ መያዣ ገንዘብ ግን ይጠየቃል፣ መጽሐፉ ሲመለስም ገጽ በገጽ ይታያል። ከመክፈልዎ በፊት እርስዎም ገጾቹን ቢያዩ መልካም ነው።