«90 ክሬዲት በ90 ሺህ ብር» ለሚሏችሁ ሰዎች ብር እንዳትከፍሉ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ዲግሪ ለመማር የሚያስብ ልጅ ካላችሁም አሳዩት።

ሰሞኑን በኮንዶሚኒየም ሱቆች ውስጥ ቢሮ ከፍተው፣ በቴሌግራምም እያስተዋወቁ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። «የአሜሪካ ኮሌጅ ክሬዲት ከአሁኑ ሰብስቡ፣ ከዚያ በርቀት ተመዝግባችሁ በስድስት ወር ዲግሪ ያዙ» ይላሉ። ክሬዲት ማለት አንድ ኮርስ ሲጨርሱ ለዲግሪው የሚቆጠር ነጥብ ነው። ዋጋው 90 ክሬዲት በ90 ሺህ ብር ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከፍሏል። ቀን ቀን ቂሊንጦ ፋብሪካ ይሠራል፤ መማር የሚፈልገው አካውንቲንግ ነው። ብሩ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እናቱ ዕቁባቸውን ጨምረውበታል።

የሰጡትን ወረቀት አብረን ቁጭ ብለን አየነው። በላስቲክ ታሽጓል፣ ክብ ማኅተም አለው። የዩኒቨርሲቲ ስም ግን የትም ቦታ የለም። ኢንትሮዳክሽን ቱ ሳይኮሎጂ፣ ኢንትሮዳክሽን ቱ ሶሲዮሎጂ እያለ ይወርዳል፤ አብዛኛው የጀማሪ ኮርስ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርሱ በተለያየ ስም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። አካውንቲንግ አንድም የለም። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፣ ከሥሩ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል።

ቢሮው ድረስ አብሬው ሄጄ «የሚቀበለው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሁሉም ይቀበላል እህቴ፣ የአሜሪካ እኮ ነው» አለኝ እዚያ የሚሠራው ልጅ።

ውሸት ነው። ሁሉም የሚቀበለው ክሬዲት የሚባል ነገር የለም።

በጣም የሚያናድደኝ መንገዱ ራሱ እውነተኛ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ወጪ ለመቀነስ የተወሰነውን ከመመዝገባቸው በፊት በርካሽ የሚጨርሱ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ክሌፕ የሚባል ፈተና አለ። አንዱ ፈተና 100 ዶላር ገደማ ነው፣ ሲያልፉት አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም ከዚያ በላይ ክሬዲት ያስገኛል። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን ብዙ ኮሌጆች 50 ይበቃል ይላሉ። ሞደርን ስቴትስ የተባለ ድርጅት ደግሞ ለዚህ ፈተና የሚያዘጋጁ ኮርሶችን በነፃ ይሰጣል። ሶፊያ የተባለው የኦንላይን ኮርስ ሰጪ ደግሞ በወር 99 ዶላር ያስከፍላል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ኮርስ እየወሰዱ በወሩ ውስጥ የቻሉትን ያህል መጨረስ ነው። የእነዚህን ዓይነት ኮርሶች ኤሲኢ በሚል አጠራር የሚታወቀው የአሜሪካ የትምህርት ካውንስል ይገመግማቸዋል፣ «ይህን ያህል ክሬዲት ይገባዋል» ብሎም ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳብ ነው የሚያቀርበው። ተቀብሎ የሚመዘግበው ወይም የማይቀበለው ዩኒቨርሲቲው ነው።

ስለዚህ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውንና የትምህርት ክፍሉን ምረጡ። እውቅና እንዳለው በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፎ ማየት ይቻላል፤ በነፃ ነው። ከዚያ ለሬጅስትራሩ ኢሜይል ጻፉ። ከውጭ ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ? ለአካውንቲንግ የትኞቹ ኮርሶች ይቆጠራሉ? ከእናንተው ዘንድ ስንቱን የመውሰድ ግዴታ አለብኝ? ብዙዎቹ ቢያንስ 30 ክሬዲት ያህል ከራሳቸው እንዲወሰድ ያስገድዳሉ። የከፍተኛ ዓመት ኮርሶችንም ለብቻ ይቆጥራሉ። የጀማሪ ኮርስ ብቻ ሰብስቦ የሄደ ተማሪ ትርፉ ሜዳ ላይ ይቀርበታል፤ ይዘቱ የተደገመ ኮርስም የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። መልሱን በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ብር እንዳታወጡ።

ሰው ለምን ወደ ደላላ እንደሚሄድ ይገባኛል። የዶላር ካርድ የለንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዶላር ሲባል ገና ልባችን ይደነግጣል፤ «በብር ክፈሉ» ሲሉን ደስ ይለናል። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ግን እሱ በቀጥታ ለድርጅቱ ይክፈልላችሁ። ሰው በመሃል ከገባም ለክፍያው ብቻ ይሁን። የኮርሱ አካውንት በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉም በእጃችሁ ይሁን። የጎረቤቴ ልጅ ኮርሶቹ በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ትራንስክሪፕት ላስልክ ቢል በማን ስም ይጠይቃል?

«ፈተናውን እኛ እንሠራላችኋለን» ካሏችሁ ደግሞ ወዲያው ተነሥታችሁ ውጡ። ክሌፕ መታወቂያ አሳይተው ራስዎ የሚፈተኑት ነው። በሌላ ሰው ስም የተሠራ ፈተና ማጭበርበር ነው፤ ሲደረስበት ክሬዲቱ ሊሰረዝ፣ ዲግሪም ሊነጠቅ ይችላል። ጣጣው የሚተርፈው ለተማሪው ነው፤ እነሱ ሱቁን ዘግተው ይሄዳሉ።

አገር ውስጥ ልትሠሩበት ከሆነ አንድ በር ይቀራችኋል። ለውጭ አገር ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የመረጣችሁትን ዩኒቨርሲቲ ስምና በርቀት መሆኑን ጠቅሳችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እነሱንም ጠይቁ።

የከፈላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። የተመዘገባችሁበትን ኢሜይልና የይለፍ ቃል፣ የኮርሱን ሰጪ ድርጅት ስም፣ ሕጋዊ ደረሰኝ በጽሑፍ ጠይቁ። የቴሌግራም ማስታወቂያውን ሳያጠፉት ስክሪንሹት አንሡ፤ የከፈላችሁበትን የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክትም አስቀምጡ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኛ ማመልከቻውን ጽፈን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ልናስገባ ነው። እዚያው ቢሮ የከፈላችሁ ካላችሁ ስማችሁን ጨምሩ፤ አንድ ልጅ ብቻውን ከሚያመለክት አሥር ሰው ሆነን ብንሄድ ይሻላል።