ጋሼ ባይኖሩ ሁለተኛዋንም ትራምፔት ተሸውጄ እገዛ ነበር

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ይሄ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ትራምፔት ወይም ትሮምቦን ያላችሁ፣ ወይም ያገለገለ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰው ላገናኛችሁ። "ስሜንና ስልኬን እዚያ ነገር ላይ እንዳትለጥፍ" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ ናቸው። ድሮ የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነበሩ፣ አሁን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮም ምድጃም ትራምፔትም ይጠግናሉ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እንዴት እንዳገኘኋቸው ልንገራችሁ፤ ትንሽ ያሳፍራል።

ዓምና የመጀመሪያዋን ትራምፔቴን በቴሌግራም ፎቶዋን አይቼ ገዛኋት። 22 ሺህ ብር። አዲስ፣ ብልጭ የምትል፣ ሣጥኗ ውስጡ ቀይ ከፈይ የለበሰ። ሻጩን ስም አልጠራም፤ ራሴው ነኝ ሳልሞክር የከፈልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ፒስተኖቹ፣ በጣት የሚጫኑት ሦስቱ፣ መያዝ ጀመሩ። ዘይት ላድርግ ብዬ ሦስቱንም ነቀልኩ፣ ጠራረግኩ፣ ቀባሁ፣ መለስኩ። ከዚያ ብነፋ ብነፋ ትንፋሹ አያልፍም። ዝም። ፊቴ በርበሬ እስኪመስል ነፋሁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና "ዛሬስ ጎረቤት ይተኛል" አለች።

የባንዳችን ኪቦርድ ተጫዋች ጋሼ ዘንድ ወሰደኝ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ አንዱን ፒስተን አወጡና ብርሃን ላይ አሳዩኝ። እዚያች ብረት ላይ ትንሽዬ ቁጥር ተመትታለች። 1። ሌላው ላይ 3። አቀያይሬያቸዋለሁ ለካ! ፒስተኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከቱቦዎቹ አፍ ጋር ካልተገጣጠሙ ትንፋሹ የሚያገኘው ግድግዳ ነው። ትክክለኛው ቤቱ ገብቶም ትንሽ ከዞረ ያው ነው፤ ቀጭ ብሎ እስኪቀመጥ ማዞር ያስፈልጋል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። "ስንት ልክፈል ጋሼ?" ብላቸው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ለቆጠርኩበት? አብሽር፣ ሂድ" አሉኝ።

አልሄድኩም። እስቲ እግረ መንገድዎን ይዩልኝ አልኳቸው። እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን የወደድኳቸው። የአንደኛውን ፒስተን ስላይድ፣ ወጣ ገባ የምትለዋን ቱቦ ማለት ነው፣ ፒስተኑን ሳይነኩ ሳብ አደረጉና ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ፒስተኑን ተጫኑ። ደህና መሣሪያ ቢሆን ውስጡ የታፈነው አየር "ፖፕ" ይል ነበር። የኔዋ ምንም አላለችም። ሦስተኛውን ደገሙ። ምንም። "ልጄ፣ አዲስ ሆና ታፈሳለች። ይቺ ጌጥ ናት" አሉኝ። ጠግኑልኝ ብላቸው እምቢ አሉ። ፒስተንና ቤቱ መሀል ያለው ክፍተት ከሰፋ እንደገና በብረት ለብጦ በልኩ ማስተካከል ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ በእጅና በሞረድ የሚሆን አይደለም። ወፍራም ዘይት ልሸጥልህ እችል ነበር፣ ለአንድ ወር ትሸወዳለህ፣ ከዚያ ትረግመኛለህ አሉ። ስንት ባለሙያ ነው ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው "አታውጣ" የሚለው?

እንግዲህ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ መፈለግ ተጀመረ። የኔ ችግር አንድ መሣሪያ ብቻ ነው መግዛት የምችለው። መምህር ነኝ። ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ማርሽ እጫወታለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ አለን፣ አንዳንዴ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ሰው እራት እየበላ ለስለስ ያለ ትዝታ። ሦስቱን የምትችል አንዲት ትራምፔት! እኔ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ቱቦው ሰፊ የሆነውን ካላገኘሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። ሰፊ ቱቦ ብዙ ትንፋሽ ይበላል፣ ሰርግ ላይ አራት ሰዓት ቆመህ ስትነፋ ታየዋለህ አሉ። ምክራቸው ይሄ ነበር፦ ተራ ቢ ፍላት ትራምፔት፣ የውስጡ ስፋት 11.65 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከታወቀ ፋብሪካ፣ ቀለሙ ቢላላጥም ግድ የለም። ብዙዎቹ ለሁሉም ሥራ የሚሆኑ ትራምፔቶች እዚያው ልክ ላይ ናቸው።

ሁለት አየን። ሁለቱንም አስጣሉኝ። አንደኛዋ ውጪዋ እንደ መስተዋት ነው፤ ማውዝፒሱን፣ ከንፈር የሚያርፍበትን፣ ነቅለው በስልክ መብራት የመጀመሪያውን ቱቦ ውስጡን ሲያዩ ሮዝ ነጠብጣብ አገኙ። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ መዳቡ ብቻ ይቀርና እንደዚያ ይቀላል። ከውስጥ ወደ ውጪ የሚበላ በሽታ ነው፣ በኋላ ይበሳል። ሁለተኛዋ ወድቃ ፒስተኖቹ ቤት አጠገብ ተሰርጉዳለች። ሰፊው አፏ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዙም አይጎዳትም ነበር። ሻጩ "ትንሽ ናት እኮ" ሲል ጋሼ "ትንሽ ናት፣ ግን ቦታዋ ክፉ ነው" አሉት።

ሦስተኛዋ ኮምቦልቻ ተገኘች። ያማሃ 2335። ባለቤቱ ከውጭ የመጣችለት ናት፣ ለዓመታት አልጋ ሥር ተኝታለች። ጋሼ በሰባ ዓመታቸው ከኔ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረው ሐረጎን ቁልቁል ወረዱ። መንገድ ላይ ስለ አርባ ልጆች አወሩልኝ፤ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ስለ ሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን። እሳቸውን ያስተማራቸው ሰው ከክቡር ዘበኛ ባንድ የወጣ ነበርና ወሬውን ከዚያ ነው የሰሙት። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ነበር። ረዳቱ ሒሳብ መቀበል ረሳ ብላችሁ ግን ውሸት ነው፣ አልረሳም።

ቤቱ ስንደርስ ጋሼ መጀመሪያ አልነፉም። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ አወጡ፣ ጭረት ፈለጉ፣ ስላይዶቹን ሞከሩ፣ በየመገጣጠሚያው ዳግመኛ የተበየደበት ካለ በጣት ዳሰሱ። ፖፕ! የኔን ፊት ብታዩት። ከዚያ ከኪሳቸው የራሳቸውን ማውዝፒስ አወጡ፣ ጠረጉት፣ ነፉ። ጮክ ብለው ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ አምባሰል ነው የተጫወቱት፣ ያውም እንደ ሹክሹክታ። ለካ ሁለት ነገር እየፈተኑ ነው። አንደኛ፣ ጮክ ሲባል የማይጮህ ትራምፔት የለም፤ በቀስታ ሲነፋ ድምፁ የማይሰበረው ነው ለሆቴልም የሚሆነው። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ኪቦርዱ ሲ ሲል ቢ ፍላት ትራምፔት ዲ ነው የሚነፋው፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ። ስለዚህ የሲ አምባሰል ለኛ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ይሆናል። ማረፊያው የታችኛዋ ዲ ናት፣ በአንደኛና በሦስተኛ ጣት የምትነፋዋ። እሷ ደግሞ በተፈጥሮዋ ከልክ ትወጣለች፣ ትሾላለች። የሚያስተካክላት ሦስተኛውን ስላይድ በቀለበቷ ገፋ ማድረግ ነው። ስላይዱ ከያዘ አምባሰል ባረፈ ቁጥር ጆሮ ይወጋል። የዚህኛዋ እንደ ቅቤ ነበር።

አንድ ችግር ግን ተገኘ። ዋናው የመቃኛ ስላይድ ደርቆ ተጣብቋል። ባለቤቱ 48 ሺህ ነው ያለው። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ፣ ተበላሽቷል ብለን እናወርደዋለን ብዬ። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ይሄ ይላቀቃል፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው" ብለው ለሻጩ እውነቱን ነገሩት! ሦስት ሺህ ብቻ ቀነሰ። በ45 ሺህ ተስማማን። ወላሂ ተናድጃለሁ። ስንመለስ እስከ ሐረጎ አናት አላናገርኳቸውም ማለት ይቻላል። እሳቸው መስኮቱ ላይ ተደግፈው ተኝተዋል።

በማግስቱ ስላይዱን ዘይት አጠጡት፣ አሳደሩት፣ ትንሽ ሙቀት ሰጡት፣ በጉብጠቱ ውስጥ ጨርቅ አሳልፈው ቶሎ ቶሎ ሳብ ሳብ አደረጉት። ወጣ። በፒንሳ እንዳትሞክሩ፤ ቱቦውን ታጣምማላችሁ። ማውዝፒስ ሲጣበቅም እንደዚያው ነው። ከዚያ ፒስተኖቹን አውጥተን ሌላውን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብናት፣ ፈላ ያለ ውኃ ቀለሙን ያነሣዋል። ከመጀመሪያው ቱቦ የወጣውን አረንጓዴ ነገር አልገልጽላችሁም፣ ምሳ የምትበሉ ትኖራላችሁ። የውኃ መልቀቂያዋ ቡሽ አልቃ ነበርና ከጠርሙስ ቡሽ ቆርጠው አዲስ ሠሩላት። በነገራችን ላይ ከዚያች ቀዳዳ የሚወርደው አብዛኛው ምራቅ አይደለም፣ ትንፋሻችን ብረቱ ላይ ቀዝቅዞ ውኃ ሆኖ ነው። ባለቤቴ እስካሁን አታምነኝም።

ለዚህ ሁሉ፣ መንገዱንም ጨምሮ፣ የጠየቁኝ 800 ብር ነው። ጨምሬ ብሰጥ ተቆጡ።

አነፋፉንም ቢሆን ያስተካከሉልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ከፍ ያለውን ድምፅ ለማግኘት ብረቱን ከንፈሬ ላይ እጭን ነበር፣ ማታ ከንፈሬ ክብ ማኅተም የተመታበት ይመስላል። አሁን በጠዋት 20 ደቂቃ ረጃጅም ድምፅ፣ በቀስታ፣ የነፋሁትን ያህል እያረፍኩ። ትልቅ ማውዝፒስ ልግዛ ብዬ ነበር። 7 ሲ የሚባለውን ልክ ይዘሃል፣ እሱን ጨርስ አሉኝ። የ7 ሲ አፍ 16.20 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁሉም የሚመኘው 3 ሲ 16.30። "ለዚች ለአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው ደሞዝህን የምታወጣው?" አሉኝ። ከንፈር ግን እሷንም ታውቃታለች፤ እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ አንድ ቀን 3 ሲ እገዛለሁ።

ሌላው ብርዱ ነው። የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ። የቀዘቀዘ ትራምፔት ከልክ ይወርዳል። ጥር ላይ ደሴ ተቃኝተን ኮምቦልቻ ሰርግ ወርደን ስንጀምር ከኪቦርዱ በላይ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ከ600 ሜትር በላይ ነው የወረድነው፣ ሙቀቱ ሌላ ነው። ትራምፔቷ ተበላሸች ብዬ ደወልኩላቸው። "ሙቀት ድምፁን ያወጣዋል፣ ስላይድህን ሳብ አድርገውና ሙሽራዋን አታስጠብቅ" ብለው ዘጉት። አሁን እንደ ልማድ ማውዝፒሱን ኪሴ ውስጥ አሞቃለሁ፣ ድምፅ ሳላወጣ ትኩስ ትንፋሽ እሰዳለሁ፣ ከዚያ ነው የምቃኘው። ቤት ስለማመድ ደግሞ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ወደ ልብሶቹ እነፋለሁ። ልብሱ ድምፁን ይውጠዋል። የጎረቤት ሰላምታ ተመልሶልኛል።

ጥቆማ ነው ካልኩ እንከናቸውንም ልናገር። ስልክ ብዙም አያነሡም። ከሰዓት ይከፍታሉ፣ የሚከፍቱበትን ሰዓት ግን እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። ሳክስፎን አይነኩም። ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት፣ ወደ ልጅነት የሚመልሳችሁ ቁጣ አላቸው። ሳምንት ካሏችሁ ሁለት ሳምንት ብላችሁ ያዙት። ከሰርግ በፊት ባለው ዓርብ ዕቃ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እኔ ሞክሬ ተባርሬያለሁ።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ስለ ሦስት ሺዋም ይቅርታ፣ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ አኩርፌ ነበር። የኮምቦልቻው ሰውዬ ባለፈው ደውሎ የአጎቱን ልጅ ትሮምቦን ማን ይይልኝ ብሎ ሲጠይቀኝ እርስዎን ነው ያልኩት፤ "የዚያን ቀን የመጡትን ሽማግሌ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እሰጣቸዋለሁ" አለ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ቤት የወዳደቀ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ካለ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ይሰበስባሉ።