«500 ማጀቢያ ሙዚቃ በአንድ ጥቅል» የሚለውን ከመግዛታችሁ በፊት

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበትን ጨዋታ፣ የምትመሩ ሁሉ፣ «500 ማጀቢያ ሙዚቃ፣ ለዕድሜ ልክ፣ በ90 በመቶ ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ አልሰበሰብኩም። ገጹ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነበር፤ ቅናሹ ሊያበቃ 11 ደቂቃ ቀርቶታል ይላል። ቸኩዬ ከፈልኩ። በማግስቱ ያንኑ ገጽ ስከፍተው ሰዓቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ከ60 ደቂቃ ጀምሮ ይቆጥር ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ምሽት የሆነውን ልንገራችሁ። ለወራት አብሮን የተጓዘ አንድ ገጸ ባሕርይ በፍልሚያ ቆስሎ ሊሞት ነው። ተጫዋቹ ለጓደኞቹ የስንብት ቃሉን እየተናገረ ነው፤ ባለ 20 ገጹን ዳይስ የሚያንከባልል እንኳ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ከበስተጀርባ የዋሽንት ዜማ አለ። ዜማው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ፤ ከዚያ ከበሮው ድም ብሎ ከመጀመሪያው ተነሣ። አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁላችንም። ሟቹም ሳቀ። ያን ትዕይንት ልመልሰው ብሞክርም አልሆነልኝም።

ማስታወቂያው «መጋጠሚያው ሳይሰማ ይደጋገማል» ይል ነበርና ጥፋቱን መጀመሪያ በኮምፒውተሬ ላይ አላከክሁ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስከፍት ግን ብዙዎቹ መጨረሻቸው ቀስ እያለ እንዲጠፋ ተደርጎ የተቆረጡ ሆነው አገኘኋቸው። እንዲህ የሚያልቅ ሙዚቃ ከመነሻው ጋር በምንም ተአምር አይገጥምም። እንዲህ ያልተቆረጡት ደግሞ በኤምፒ3 የተቀመጡ ናቸው። ኤምፒ3 ድምፅን 1,152 ናሙና (የድምፅ ጥቃቅን ልኬት) በሚይዙ ቁርጥራጮች ይከፋፍላል፤ ዜማው በቁርጥራጮቹ ልክ ካላለቀ ቀሪው በባዶ ድምፅ ይሞላል፤ መነሻውም ላይ ጥቂት ዝምታ ይጨመራል። አንድ ጊዜ ለሚደመጥ ዘፈን ይህ ምንም አይደለም። በየዙሩ ለሚመለስ ማጀቢያ ግን፣ ማጫወቻው ክፍተቱን ቆርጦ ካልዘለለው በስተቀር፣ በመጣ ቁጥር ያደናቅፋል። ኦግ ቮርቢስ፣ ፍላክ ወይም ዌቭ ፋይል የዜማውን ትክክለኛ ርዝመት ስለሚጠብቅ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ርዝመቱም ሌላ ችግር ነው። አብዛኞቹ ትራኮች አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ናቸው። 45 ደቂቃ በሚፈጅ ፍልሚያ ውስጥ አንዱን ትራክ 30 ጊዜ ትሰሙታላችሁ ማለት ነው። 500 የሚለው ቁጥርም ቢሆን 500 አይደለም፤ «የጫካ ጭጋግ»፣ «ጥንታዊው ደን» እና «የጠንቋዩ ምሽት» የተባሉት ሦስት ፋይሎች አንድ ዜማ ናቸው፤ አንዱ ትንሽ ፈጥኗል፣ አንዱ ቃናው በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል። ለመጠጥ ቤት ትዕይንት የተዘጋጀው ክፍል ውስጥ ደግሞ ግጥም ያላቸው ዘፈኖች ተቀላቅለዋል። ሰው እየተናገረ ሌላ ሰው ከጀርባው በቃላት ሲዘፍን ጆሮ ማንን ይስማ?

ጥራቱ 320 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነው ተብሏል። በነጻ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለ ፕሮግራም የድምፁን ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) በሥዕል ያሳያልና አየሁት፤ ከ16 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ቦታ በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ነው። ይህ በ128 ኪሎ ቢት በተጨመቀ ፋይል ላይ የሚታይ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ የተጣለ ድምፅ ፋይሉን በማሳበጥ አይመለስም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኝ ግን የመብቱ ጉዳይ ነው። የአንዳንዶቹን ፋይሎች መግለጫ ስከፍት የሌላ ሙዚቀኛ ስምና የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች በነጻ እንዲጠቀሙበት የሚሰጠው ፈቃድ) ሳይሰረዝ ተቀምጦ አገኘሁ። ስም እስከተጠቀሰ ድረስ መጠቀምን፣ መሸጥንም ጭምር የሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አለ፤ ለንግድ መጠቀምን የሚከለክልም አለ። ጥቅሉ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ነበሩ፤ በሽያጭ ገጹ ላይ ግን የአንድም ሙዚቀኛ ስም የለም። ባለቤቱ በነጻ የሰጠውን ነው በገንዘብ የገዛሁት። ጨዋታችሁን ቀርጻችሁ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ የባለመብትነት ጥያቄ የሚመጣው ለሻጩ ሳይሆን ለእናንተ ነው። «ክላሲክ ስለሆነ መብት የለበትም» የሚለውንም አትመኑ። ኖርዌጂያዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ድርሰቱ ነጻ ነው። ትናንት የተጫወተው ኦርኬስትራ ቅጂ ግን የራሱ ባለመብት አለው።

የግድ መግዛት ከፈለጋችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ትራክ እንዲያሰሟችሁ ጠይቁና ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲጫወት አድምጡ፤ ለናሙና የሚቀርበው 30 ሰከንድ መጋጠሚያውን አያሳይም። የሙዚቀኞቹን ስም ዝርዝርና ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ። ፋይሉ ወርዶ በእጃችሁ የሚገባ መሆኑንም አጣሩ። በሻጩ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚጫወት «የዕድሜ ልክ» ሙዚቃ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ዕድሜውም የድረ ገጹ እንጂ የእናንተ አይደለም። በእኔ ልምድ ለአንድ ምሽት ከአራት ወይም ከአምስት ረጅም፣ ቃል አልባና ለስለስ ያለ ትራክ በላይ አስፈልጎኝ አያውቅም። ኬቨን ማክሊዮድን የመሰሉ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ስማቸው እስከተጠቀሰ ድረስ በነጻ ይሰጣሉ። እኔም ከዚያ ብጀምር ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ገንዘቤ እንዲመለስ ጠይቄ ነበር። ፋይል ካወረዱ በኋላ ተመላሽ እንደሌለ ውሉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል አሉኝ፤ እውነትም ተጽፏል። ስማቸው ያልተጠቀሰውን ሙዚቀኞች አንስቼ ሁለተኛ ስጽፍላቸው፣ ስለ ሙዚቀኞቹ ምንም ሳይሉ፣ ለደረሰብኝ መጉላላት ካሣ ይሆን ዘንድ ሌላ 100 ትራክ በነጻ ላኩልኝ። አላወረድኩትም።