የትንሽ ከተማ የውኃ ሂሳብና የስድስት ወር ንባብ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ አገር ቤት የመጣሁት እናቴን ለማየት ነበር። በሰሜን ሸዋ ባለችው ትንሽ ከተማችን ግን ብዙውን ጊዜዬን የወሰደው የውኃ ሂሳብ ስለሆነ፣ በክፍለ ሀገር ወላጅ ያላችሁ ሁሉ እንድታውቁት ይህን እጽፋለሁ።

የመብራት ሂሳብ የአንድ ተቋም ስለሆነ በቴሌብር ከየትም ይከፈላል። ውኃ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አዲስ አበባ የራሷ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን እንዳላት ሁሉ ሌሎቹም ከተሞች የየራሳቸው የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤትና ታሪፍ ስላላቸው፣ ዋና ከተማ ሆኖ መጠየቅ ምንም አይፈይድም። የእኛው ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ምልክት በሌለው ግቢ ውስጥ በመሆኑ ያደረሰኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው።

ያስቆጣኝ ነገር የሚከተለው ነው። ቆጣሪ አንባቢው ለ6 ወራት ሳይመጣ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሲመጣ የተጠራቀመውን 30 ሜትር ኩብ የአንድ ወር ፍጆታ አድርጎ መዘገበው። ታሪፉ በእርከን የሚሰላና ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ የሚጨምር ስለሆነ፣ በወር 5 ሜትር ኩብ ብቻ የምትጠቀመው፣ ያንንም በፈረቃ ጠብቃ ሮቶ የምትሞላው እናቴ በከፍተኛው እርከን እንድትከፍል ተጠየቀች። ባልደረሳት ቢል ላይ የመዘግየት ቅጣትም ታከለበት። ለገንዘብ ተቀባይዋ ሳስረዳ «እህቴ፣ እኛ የምናስከፍለው ቆጣሪው ያሳየውን ነው» ብላ መለሰችልኝ። ቅሬታ በጽሑፍ ላቅርብ ስል ደግሞ ውሉ በእናቴ ስም ነውና ውክልና አምጪ ተባልኩ፤ ስለዚህ ጉልበቷን የሚያማትን አሮጊት በዚያ ጭቃ ደግፌ ወስጄ ማስፈረም ግድ ሆነብኝ። ይህን እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም። እኔ በምኖርበት አካባቢ ቢሉ የሚመጣው በየሦስት ወሩ ቢሆንም እርከኑ የሚሰላው በዕለታዊ አማካይ ፍጆታ ስለሆነ፣ ንባቡ ቢዘገይም ደንበኛው በከፍተኛ ዋጋ አይቀጣም። ይህን ስሌት ለመሥራት እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

የቴክኒክ ክፍሉን ወጣት ባለሙያ ግን ማመስገን ይገባኛል። ቤት ድረስ መጥቶ ቆጣሪውን አየ፤ እናቴ በፌስታል ያስቀመጠቻቸውን የቆዩ ደረሰኞች አገናዝቦም ንባቡ ለ6 ወራት ተከፋፍሎ እንዲሰላ ጻፈልን። በብልጫ የተከፈለውም ከሚቀጥሉት ወራት ሂሳብ እንዲቀነስ ተደረገ።

ስለዚህ ውሉ በወላጃችሁ ስም ከሆነ፣ የውኃና የመብራት ጉዳይን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና ወላጃችሁ እዚሁ አገር ቤት አስቀድመው እንዲሰጧችሁ አድርጉ። ቤት ያለ ሰውም የቆጣሪውን ቁጥር በየወሩ መጨረሻ በስልክ ፎቶ ያንሣላችሁ፤ አንባቢው ቢቀር ማስረጃችሁ እርሱ ነው። ቅጣቱ ግን እስካሁን አልተነሣልንም፤ ማመልከቻችን የውኃ አገልግሎቱን ቦርድ ውሳኔ እየጠበቀ ነው።