አባት ካልተቀመጠ ትምህርት የማይጀምሩ መምህር፦ በድሬዳዋ የቤት ለቤት የንባብ ትምህርት ግምገማ

በድሬዳዋ ሳቢያን በሚገኘው ቤታችን እየመጡ ለሁለት ልጆቼ የግዕዝ ንባብና የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጡ አንድ መሪጌታ ከያዝን አሥር ወር ሆኖናል። ስለ እርሳቸው የሚጠይቁኝ ወላጆች እየበዙ ስለመጡ፣ አገልግሎቱን እንዳየሁት ከነጉድለቱ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እርሳቸውም እንዲጠቀስ የሚወዱ ሰው አይደሉም።

ውላችን ቀላል ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያስተምራሉ፤ ለሁለቱም ልጆች በወር 2,400 ብር እንከፍላለን፤ የፊደል ገበታውንና መጻሕፍቱን የምንገዛው እኛ ነን። ሰዓቱ የተመረጠው በሙቀቱ ምክንያት ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቤት ከቀትር በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ ልጅን በዚያ ሰዓት ዳዊት ድገም ማለት ግፍ መሆኑን አይስተውም። ልጆቹ በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ይማራሉ፤ ይህኛው ከዚያ የተረፈውን ጊዜ የሚወስድ ነው።

ከሌሎች አስጠኚዎች የሚለያቸው ነገር የተገለጠው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሻይ ከቀረበ በኋላ ትልቁን ልጄን ስመ ክርስትናውን ጠየቁት፤ ነገራቸው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው «የክርስትና አባቱ ማን ነው?» አሉኝ። አዲስ አበባ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ መሆኑንና ከክርስትናው ዕለት ወዲህ ልጁን ሁለት ጊዜ እንኳ በቅጡ እንዳላየው ነገርኋቸው። በ40 ቀኑ ልጁን ታቅፎ በእርሱ ፈንታ ጸሎተ ሃይማኖት የደገመው፣ ሃይማኖቱን ላስተምረው ብሎ ቃል የገባው ያ ሰው እንደነበር አስታወሱኝና «እንግዲያው ሁለቱም አባቶቹ መንገድ ላይ ናቸው» አሉ። እኔ የምሠራው በጉምሩክ አስተላላፊነት፣ ሰዉ ትራንዚት በሚለው ሥራ ስለሆነ፣ የሳምንቱ እኩሌታ በጅቡቲ ድንበር ባለችው ደወሌ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቅድመ ሁኔታቸውን አስቀመጡ፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን አባት ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የሳምንቱን ቀለም የሚያስከልሰው እርሱ ራሱ ነው። ይህ ካልሆነ ሌላ መምህር እንድፈልግ በትሕትና ነገሩኝ።

ደስ አላለኝም። ክፍያ የምፈጽመው ሌላ ሰው እንዲሠራልኝ ነበርና። ለመከላከያ ያቀረብሁት ጢሞቴዎስን ነው፤ እምነቱን የወረሰው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደሆነ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ ጽፏል፤ በእኛም ቤት ባለቤቴ ልጆቹን ጸሎት ታስደግማለች። መሪጌታ ፈገግ ብለው «አባቱስ?» አሉኝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 አባቱ የግሪክ ሰው እንደነበረ ከመናገር ያለፈ ስለ እርሱ የሚለው የለም። «ለዚህ ነው ጳውሎስ ልጄ እያለ የሚጽፍለት፤ የአባትን ስፍራ ሌላ ሰው መጥቶ ሞላው። አንተ ግን በሕይወት አለህ፣ ክርስቲያንም ነህ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ በቤታችን የማስተማሩ ሸክም በባለቤቴ ላይ የወደቀው ዛሬ አይደለም። በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ጭነት ስላልቆመ እኔ ደወሌ ስመላለስ፣ ቤቱን ትምህርት ቤት ያደረገችው እርስዋ ነበረች። አሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ልጆቹን ሙሉ በሙሉ እቤት ያስተምራል፤ ይህ በዚያ አገር በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። ስለ አሠራሩ ስጠይቀው ግን ሒሳቡንም፣ ታሪኩንም፣ መጽሐፍ ቅዱሱንም የምታስተምረው ሚስቱ መሆንዋን፣ የእርሱ ድርሻ መጽሐፍ መግዛትና ማታ ጸሎቱን መዝጋት መሆኑን ሳያፍር ነገረኝ። የእኛ ቤት በዚህ ረገድ ከአሜሪካው አይለይም ነበር። ይልቅስ ያሳፈረኝ ጎረቤቴ ነው፤ ሙስሊም ነው፣ የቀን ሥራውም ከእኔ የከበደ ነው፣ ነገር ግን ከመግሪብ በኋላ ልጆቹን ከጎኑ አስቀምጦ ቁርአን ሲያስቀራ ድምፁ በአጥሩ ላይ ወደ እኛ ግቢ ያልፋል።

ወደ ትምህርቱ ጥራት ልመለስ። ልጄ ገበታው ላይ ያሉትን 33ቱን ፊደላት ከነርባታቸው፣ ማለትም 231ዱን ሆሄያት፣ ከትምህርት ቤት ስለሚያውቅ ጊዜ እናተርፋለን ብዬ ነበር። መሪጌታ ገና ሲጀምሩ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ የግዕዝ አለመሆናቸውን ነግረው በጣታቸው ሸፈኑዋቸው፤ የቀሩት 26ቱ ናቸው። ከዚያ ለልጁ በአንድ ድምፅ የሚሰሙትን ፊደላት መለየት ገቡ። በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፣ እንደ ፀሐይ ብቅ አለ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ግን ሌብነት መሆኑን ሲሰማ ልጄ እስኪበቃው ሳቀ፤ እኔም በ40 ዓመቴ አብሬው ተማርሁ። በስንጥር እያመለከቱ ከገበታው ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚወስዱበት ሥርዓት የጥንቱ የንባብ ቤት ሥርዓት ነው። የማይቸኩሉ መሆናቸው ለአንዳንድ ወላጅ ሊያሰለች ይችላል፤ ለእኔ ግን ከአገልግሎቱ ሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ ነው። ምንጣፍ ላይ መቀመጤ ያመጣውን ለውጥ ያየሁትም ልጄ ዳዊት በጀመረ ሰሞን ነው። ቅዳሜ ማታ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብዬ ሳነብለት አቋረጠኝና ተነሹን ጥዬ እንዳነበብሁ ነገረኝ። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ሕጎች ከእርሱ በኋላ የተማርሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማው የተዛባ ይሆናል። መጀመሪያ፣ በዓላት ሲደርሱ መምህሩ የሉም። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሄዱ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ቀሩ፤ በፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሱባዔ ስለሚገቡ እንደማይመጡ ከወዲሁ ነግረውኛል። መቅረታቸው አይገርመኝም፤ የቀረው ቀን ሳይተካ ክፍያው ሙሉ መሆኑ ግን ትክክል አይመስለኝም፣ ይህንንም በአክብሮት ነግሬአቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ ልጁ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ምንም ጽሑፍ የላቸውም፤ ሁሉም በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቢታመሙ ተተኪው መምህር ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። እኔ አንድ ደብተር ገዝቼ በየሳምንቱ መመዝገብ ጀምሬአለሁ።

ከእነዚህ የሚከብደው የቃል ጭከናቸው ነው። አለንጋ አይዙም፤ ነገር ግን የሰባት ዓመቷ ልጄ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ስታደባልቅ የተናገሯት ቃል እንባ አስነሣ። እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ባልነበር ይህን አላውቅም ነበር። ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውን አነሣሁባቸውና፣ ቃሉ የሚመለከተው መምህራንን ጭምር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ይመለከታል» አሉ። በማግሥቱ ሳምንት ልጅቷን ከጎናቸው አስቀምጠው ስንጥሩን ለእርስዋ ሰጧት፤ አሁን አቡጊዳ ላይ ናት።

ቀደም ሲል በአንድ የአስጠኚ አገናኝ ድርጅት በኩል የቀጠርነው ወጣት በዋጋ ከእርሳቸው ይረክስ ነበር፤ ሰዓቱን በስልኩ ላይ አጎንብሶ እንደሚያሳልፍ ያወቅነው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላየሁም። እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚያጠናክር ሰው የምትፈልጉ መሪጌታን አትጥሩ። ልጁን አስረክቦ ወደ ጉዳዩ መሄድ የሚፈልግ አባትም እንዲሁ አይድከም፤ በመጀመሪያው ቀን ይመልሱታል።

ከመስከረም ጀምሮ ክፍያው 3,000 ብር እንደሚሆን ነግረውን ተስማምተናል። የዓርቡ ትምህርት ወደ ቅዳሜ እንዲዛወርልኝ ጠይቄአቸው ነበር፤ ከደወሌ ዓርብ ማታ አምሽቼ የምመለስበት ሳምንት ብዙ ነውና። ቅዳሜ ማታ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስላለባቸው አልተቀበሉኝም። ስለዚህ የጉዞ ቀኔ እንዲለወጥልኝ ለመሥሪያ ቤቴ አመልክቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።