የደብረ ብርሃን የሰርግ ድንኳን «ሙሉ ፓኬጅ» ሲፈተሽ

ደብረ ብርሃን ላይ ድንኳን ለመከራየት የሄደ ደጋሽ ቶሎ የሚሰማው ቃል «ሙሉ ፓኬጅ» ነው። እዚህ የምንገመግመው የአንድ አከራይ ፓኬጅ ነው፤ ስሙን አንጠራም። ወረቀቱ ላይ የተዘረዘረው 10 በ20 ሜትር የሆነ ባለ ብረት ቋሚ ነጭ ድንኳን፣ 20 ክብ ጠረጴዛ፣ 200 ወንበር ከነሽፋኑ፣ ምንጣፍ፣ የሙሽሮች መድረክ ከነዲኮሩ፣ መብራትና ባለ 5 ኪሎዋት ጄነሬተር ነው። ዋጋው አይከፋም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈሩት ሲደመሩበት ግን ሌላ ሒሳብ ይሆናል።

ከሸራው እንጀምር፤ እሱ ጥሩ ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ቅብ ሲሆን መጋጠሚያው በክር ሳይሆን በሙቀት የተያያዘ ስለሆነ የበልግ ዝናብ ቢያገኘው በስፌት አያንጠባጥብም። ያም ሆኖ ከመረከብ በፊት ቀን በፀሐይ ውስጡ ቆሞ ወደ ላይ ማየት ነው። ቀዳዳ ካለው እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ጣሪያው ረግቦ ሆድ ካወጣም ወዲያው ይወጠር፤ ዝናብ እዚያ ከተጠራቀመ ክብደቱ ብረቱን ያጎብጣል።

«250 ሰው ያስተናግዳል» ይላሉ። አያስተናግድም። ጠቅላላ ስፋቱ 200 ካሬ ነው። መድረኩ 3 በ6 ስለሆነ 18 ካሬ ይበላል፤ ምግቡ የሚደረደርበትና ሰልፉ የሚቆምበት ደግሞ ከ20 ካሬ አያንስም። የሚተርፈው 160 ገደማ ነው። አስር ሰው የሚከበው ጠረጴዛ፣ ወንበሩ ተስቦ አስተናጋጅ ትሪ ይዞ እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ ወደ 10 ካሬ ይይዛል። ስለዚህ የሚገባው 16 ጠረጴዛና 160 ሰው ነው። አራቱ ጠረጴዛዎች ኪራይ ተከፍሎባቸው ደጅ ያድራሉ፣ አለዚያም መተላለፊያ ዘግተው ሰው ያጋፋሉ። ክቡን በረጅም ጠረጴዛ ቀይሩልኝ ቢባል አከራዩ እሺ ይላል፤ ያኔ እስከ 200 ሰው ይገባል። ለእኛ ድግስ የሚሻለውም ረጅሙ ነው፤ ጠላና አረቄ የሚቀዳ ሰው በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ ያዳርሳል። የተጠራው 400 ከሆነ ሁለተኛ ድንኳን መጨመር አያስፈልግም። የሩቁንና የገጠሩን ዘመድ ከ6 ሰዓት ጀምሮ አብልቶ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁለተኛውን ዙር ማስቀመጥ ይቻላል።

የፓኬጁ ዋና ጉድለት ካስማው ነው። በየ5 ሜትሩ ቋሚ ሲቆም በሁለቱ ጎን 10 እግር ይሆናል። ለየእግሩ የሚመጡት ሁለት ሁለት ካስማዎች ከባለ 14 ሚሊ ፌሮ ብረት የተቆረጡና 50 ሳንቲም የማይሞሉ ናቸው። ጎኑ በመጋረጃ ተዘግቶ ነፋሱን በደረቱ ለሚቀበል 200 ካሬ ድንኳን ይህ ጨዋታ ነው። በዚያ ላይ ሰርግ የሚበዛው በጥር፣ መረሬው (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ደርቆ በተሰነጣጠቀበት ወቅት ነው። በእነዋሪና በደነባ በኩል ስንጥቁ እጅ የሚያስገባበት ቦታ አለ። ስንጥቅ አጠገብ የተመታ ካስማ ማታ ጠብቆ ጠዋት በሁለት ጣት ይነቀላል። ከ80 ሳንቲም እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ካስማ ጠይቁ። ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ገመዱም ካስማው ከአፈሩ በሚወጣበት አንገቱ ላይ ይታሰር። አናቱ ላይ ከታሰረ ነፋሱ ካስማውን ፈልቅቆ ያወጣዋል። ኮብልስቶን በተነጠፈበት ሰፈር ድንጋይ ነቅሎ ካስማ መምታት ለኋላ ዕዳ ነው። በምትኩ ለየእግሩ ውሃ የሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል ማሰር ይቻላል፤ 200 ኪሎ ማለት ነው። በሩ ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አይሁን። አቅጣጫው ካልታወቀ የሰፈሩ ባሕር ዛፍ ወዴት እንዳዘነበለ ማየት ይበቃል።

ብርዱን በተመለከተ ፓኬጁ ዝም ይላል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጎኑን ሁሉ ጥርቅም አድርገው ሲዘጉት የሰዉ ትንፋሽና የወጡ እንፋሎት ከቀዝቃዛው ጣሪያ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆንና ነጩ ዲኮር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሰዉ ሸራው ያፈሰሰ ይመስለዋል። መፍትሔው በሁለቱ ጫፍ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት መተው ነው። ከሰል ግን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ ጋቢና በርኖሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።

ጄነሬተሩ ለመብራትና ለሙዚቃ ይበቃል። ችግር የሚመጣው ከጓዳ ነው፤ እንጀራ አንሷል ተብሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካበት። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሁለት ከተሰካ ዲጄው ዝም፣ መብራቱም ድርግም ነው። የጓዳው መስመር ከቤቱ ቆጣሪ ይምጣ፤ የጄነሬተሩ ሶኬት ለጓዳ ሰዎች ቀድሞ ይከልከል።

ከኪራዩ ውጭ የሚከፈለው የአይሱዙው ማጓጓዣ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጄነሬተሩ ነዳጅና የጠፋው ወይም የተሰበረው ዕቃ ነው። ኪራዩ በቀን ስለሚታሰብ ዓርብ ተተክሎ እሑድ ተሰርጎ ማክሰኞ መልስ ካለ፣ ድንኳኑ ባዶ የሚቆምበት ሰኞ ይቆጠር እንደሆነ ቀብድ ሳይከፈል ይጻፍ። ይህ አከራይ ይቆጥራል፤ ሲከራከሩት ግን ግማሹን ይተዋል። ወንበሩ ሲራገፍ በቁጥር ተረክባችሁ በቁጥር መልሱ፤ ሽፋኑ ለብቻው ይቆጠር፣ የሚጠፋው እሱ ነውና።

የእድር ድንኳን ለአባል ርካሽ ነው፣ ካስማውም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ለቅሶ ይቀድማል፤ የሰርጉ ዋዜማም ቢሆን ድንኳኑ ይነሣል። ለመልስ ወይም ለጓዳ ብንከራየው እንጂ ለዋናው ቀን አንመካበትም።

ቀን መያዝን አታዘግዩ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት እሑዶች ጥቂት ናቸው፤ ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ደግሞ ይብስባቸዋል። ሸዋ ሮቢት የሚደግስ ሰው የጎን መጋረጃውን ከሒሳቡ ያስቀንስ፤ እዚያ የሚፈለገው ጥላና አየር ነው። ለደብረ ብርሃን ከተማና ለሸኖ ፓኬጁን እንመክረዋለን። ነፋስ ለሚበረታባቸው ለጣርማ በርና ለመሐል ሜዳ ግን አከራዩ ረጅም ካስማ ይዞ ካልመጣ አንመክርም።