ለከዚራው ፊዚዮቴራፒስት ምስጋናዬ ይድረስ

ልጄ እዚህ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ከተጠመዘዘ አራት ወር ሊሞላው ነው። ያን ቀን ራጅ ተነሥቶ “አጥንቱ ደህና ነው” ተባልን። አክስቱ ወጌሻ እንጥራ ብትልም በበረዶና በእረፍት እብጠቱ ጎደለ። በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋና ማልያውን ማጠብ ጀመረ። እኔም ተመስገን ብዬ ልለቀው ነበር።

ያስቆመን ከዚራ ሰፈር የሚሠራ አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ አላወጣሁትም። በድሬ ወግ “አንቺ” እያለ አስረዳኝ፤ ራጅ አጥንትን እንጂ በአጥንቱ ጫፍ ላይ የተለበጠውን ልም አጥንት አያሳይም። ልም አጥንት ደግሞ ነርቭም የደም ሥርም የለውም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ሳያሳምም ሊቆይ ይችላል፣ ከተጎዳም በኋላ በቀላሉ አይጠገንም። አልገባኝም ስለው በማግስቱ ከሥጋ ቤት የበግ ጉልበት ይዞ መጣና ያን ነጭ አንሸራታች ሽፋን በጣቴ አስነካኝ። ከዚያ ወዲህ ቅልጥም ስቀቅል እሱን ሳላይ አላልፍም።

“ታዲያ ጉዳቱን ገና በጅምሩ የሚያይ መሣሪያ የለም?” ብዬ ያዝኩት። ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚያነሣ መሣሪያ ልም አጥንትን ያሳያል፤ የጅማሬውን ጉዳት ግን ሊስተው ይችላል አለኝ። ተመራማሪዎች በብርሃን የሚያይ መሣሪያ ይሞክራሉ፤ ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ ይባላል፤ በ1991 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይፋ የሆነና በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። እንደ አልትራሳውንድ ነው፤ በድምፅ ፈንታ ግን ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ያነብባል። 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ መቶኛ) ያህል ረቂቅ ነገር ስለሚለይ ላዩ ለስላሳ መስሎ ከሥሩ የተጎዳውን ሊያሳይ ይችላል። ብርሃኑ ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚዘልቅ ከቆዳ ውጪ ሆኖ አይሠራም፤ ቀጭኑ መሣሪያ መገጣጠሚያው ውስጥ መግባት አለበት። “ለልጅሽ ብለሽ ገንዘብ ይዘሽ አትሩጪ፤ ገና የምርምር ነገር ነው” አለኝ። ከዚያች ቃል በኋላ ነው ያመንኩት።

ጅማቱ እንዲታይ ወደ አጥንት ሐኪም ላከን፤ ከዚያ በኋላ የጭን ጡንቻውን ለማጠንከር በሳምንት ሦስት ቀን አሠራው። ኳስ የፈቀደለት በአንድ እግሩ ሲዘል የተጎዳው ከጤነኛው እኩል ሲሆን ነው። ልጁ እስከዚያው አኩርፎኝ ከረመ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ረጅም ነው፣ የመጠበቂያ ክፍሉ ቬንትሌተርም ድምፅ እንጂ ነፋስ የለውም።